ለዕለት ሥራ መድረስ፦ ከቢኦኤስ እስከ ሃይኩ



የዛሬው ንግግሬ የተመሠረተው ቀላል በሚመስል አንድ ጥያቄ ላይ ነው። ሃይኩ የተባለው፣ በአብዛኛው በበጎ ፈቃደኞች የትርፍ ጊዜ ድካም የተገነባው ስርዓተ ክወና፣ ማለትም በተለምዶ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የምንለው ነገር፣ ለዕለት ተዕለት ሥራ ደርሷል ወይስ አልደረሰም? ጥያቄው የመሐንዲስ ይመስላል፤ መልሱም በአንድ ከሰዓት በኋላ ሙከራ የሚገኝ ይመስላል። እኔ ግን እንደ ታሪክ ጥያቄ ልይዘው እወዳለሁ። ይኸው ጥያቄ ለዚሁ ስርዓትና ለቀዳሚው ለቢኦኤስ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ሲቀርብ ኖሯል፤ መልሱም በየዘመኑ ተለዋውጧል። መልሱን የለወጠው ብዙ ጊዜ «ዕለት ተዕለት» የምንለው ነገር ራሱ መለወጡ ነበር። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩ የሚጀምረው ከዣን ሉዊ ጋሴ ነው። በአፕል ኩባንያ ከፍተኛ ኃላፊ የነበሩት እኚህ ፈረንሳዊ በ1990 ከዚያ ለቅቀው «ቢ» የተባለ ኩባንያ አቋቋሙ። ሐሳባቸው ደፋር ነበር፦ ያሉትን ስርዓቶች ከነሸክማቸው ከመጠገን ይልቅ አዲስ ስርዓት ከመሠረቱ መጻፍ። የጊዜው ዊንዶውስና ማኪንቶሽ ከ1980ዎቹ የወረሱትን ንድፍ ተሸክመው ይጓዙ ነበር፤ አንድ ፕሮግራም ሲሰናከል ማሽኑ በሙሉ አብሮ መውደቁ እንደ ተፈጥሮ ሕግ ይቆጠር ነበር። ኩባንያው በ1995 ቢቦክስ የተባለ፣ ሁለት ፕሮሰሰር የያዘ ኮምፒውተር ይፋ አደረገ። በላዩ የሚሠራው ስርዓት ቢኦኤስ ነበር።

ቢኦኤስን ያዩ ሰዎች የማይረሱት ፍጥነቱን ነው፤ የፍጥነቱ ምሥጢር ደግሞ አስማት አልነበረም። እያንዳንዱ መስኮት የራሱ የሥራ ክር፣ ትሬድ የምንለው፣ ተመድቦለት ነበር። ስለዚህ ማሽኑ ከባድ ሥራ ላይ እያለ እንኳ መስኮቱ ለተጠቃሚው እጅ ወዲያው ይታዘዛል። ከዚህም ይልቅ ለእኛ ለመዛግብት ሰዎች የሚማርከው የፋይል አደረጃጀቱ ነው። ዶሚኒክ ጂያምፓዎሎና ሲሪል ሜዩሪዮን የጻፉት ይህ አደረጃጀት ለእያንዳንዱ ፋይል መለያ ባሕርያትን ያስቀምጣል፤ ባሕርያቱንም በማውጫ ይመዘግባል። የቤተ መጻሕፍት የካርድ መሳቢያ አስቡ። አንድ ኢሜይል አንድ ፋይል ነው፤ ላኪው፣ ርእሱና ቀኑ በካርዱ ላይ ሰፍረዋል። «ከእገሌ የመጡና ያልተነበቡ» ብላችሁ ስትጠይቁ ስርዓቱ መደርደሪያውን ሳያገላብጥ ከመሳቢያው ይመልሳል። አዲስ ደብዳቤ ሲገባም በፊታችሁ የተከፈተው ዝርዝር ራሱን ያድሳል። ጂያምፓዎሎ በኋላ ወደ አፕል ሄደው ስፖትላይት በተባለው የፍለጋ አገልግሎት ላይ መሥራታቸው አይደንቅም። ዛሬም በሃይኩ ላይ ይህ አሠራር እንዳለ ይገኛል፤ እኔ እስከማውቀው ድረስ ከሌሎቹ ስርዓቶች አንዳቸውም ይህን ያህል ለተራ ተጠቃሚ እጅ አላቀረቡትም።

በ1996 አፕል ኮፕላንድ የተባለው የራሱ ፕሮጀክት ከከሸፈበት በኋላ የሚገዛው ስርዓት ሲፈልግ ከቢ ጋር ተደራደረ። በዋጋ አልተስማሙም። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ የስቲቭ ጆብስን ኔክስት ከ400 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሊገዛ መወሰኑን አስታወቀ፤ የቀረውን ታሪክ ታውቁታላችሁ። ቢ ፊቱን ወደ ኢንቴል ማሽኖች አዞረ፤ በ2000 መጋቢት አምስተኛው እትም ወጣ፣ ለግል ተጠቃሚዎች የሚሆነውም በነጻ ታደለ።

እስቲ ጥያቄያችንን በ2000 ላይ ቆመን እንጠይቅ። ቢኦኤስ ለዕለት ሥራ ደርሶ ነበር? ድረ ገጽ ይከፍታል፣ ደብዳቤ ይልካል፣ ሙዚቃና ቪዲዮ ያጫውታል፣ ጽሑፍ ያጽፋል። በዚያ ዘመን ሚዛን «ከሞላ ጎደል አዎን» ማለት ይቻላል። ችግሩ ተጠቃሚው ጋ የሚደርስበት መንገድ ነበር። ሰው ስርዓተ ክወና አይመርጥም፤ ኮምፒውተር ይገዛል፣ በውስጡ የተጫነውን ይጠቀማል። ቢ በ2002 በማይክሮሶፍት ላይ በመሠረተው ክስ፣ የዊንዶውስ ፈቃድ ውሎች የኮምፒውተር አምራቾች ማሽኑ ሲነሣ ለገዢው ሁለት ስርዓት አቅርበው እንዳያስመርጡ ያግዳሉ ሲል ተከራከረ። የጃፓኑ ሂታቺ ቢኦኤስን የጫነባቸው ማሽኖች ለገበያ አውጥቶ ነበር፤ ስርዓቱ ግን በዲስኩ ላይ እያለ፣ ገዢው ራሱ ደክሞ ካላስነሣው በቀር አይታይም ነበር። ክሱ በ2003 በ23.25 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተዘጋ፤ ማይክሮሶፍት ጥፋት አላመነም። ያን ጊዜ ግን ከሳሹ በሕይወት አልነበረም ማለት ይቻላል። ንብረቱን በ2001 ፓልም በ11 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶታል።

ሽያጩ በተነገረ በቀናት ውስጥ፣ በ2001 ነሐሴ፣ የተጠቃሚዎች ቡድን ኦፕንቢኦኤስ ብሎ ተነሣ። በ2004 ስሙን ወደ ሃይኩ ለወጠ። ዓላማው ግልጽ ነበር፦ የመጀመሪያው ሙሉ እትም የቢኦኤስን አምስተኛ እትም መልሶ ይሠራል፤ ለዚያ የተጻፉ ፕሮግራሞችም ሳይለወጡ በእሱ ላይ ይሮጣሉ። ከርነሉን ከባዶ አልጀመሩም፤ የቀድሞው የቢ መሐንዲስ ትራቪስ ጋይዝልብሬክት ከጻፉት ኒውኦኤስ ወሰዱ። ምርጫው ብልህ ነበር። በጎ ፈቃደኞችን የሚያፈርሰው «ቀጥሎ ምን እንሥራ» የሚለው የማያልቅ ክርክር ነው፤ የቆመ ዒላማ ይህን ክርክር ያሳጥራል።

የቆመ ዒላማ ግን ዋጋ አለው። አንድ ምሳሌ ብቻ ላንሣ። በ2001 የወጣው የጂሲሲ ኮምፓይለር ሦስተኛ እትም የሲ ፕላስ ፕላስ ፕሮግራሞች በማሽን ደረጃ የሚገናኙበትን መንገድ ለወጠ። የቢኦኤስን አሮጌ ፕሮግራሞች ማስኬድ የፈለገ ሃይኩ ባለ 32 ቢት እትሙን በአሮጌው ጂሲሲ 2.95 መገንባቱን መቀጠል ነበረበት፤ ዘመናዊ ፕሮግራሞችን ለማስኬድ ደግሞ አዲሱን ኮምፓይለር ጎን ለጎን መያዝ ነበረበት። ባለ 64 ቢት እትሙ ከዚህ ሸክም ነጻ ነው፤ የቢኦኤስን ፕሮግራሞች ግን አያስኬድም።

የመጀመሪያው አልፋ እትም በ2009፣ የመጀመሪያው ቤታ በ2018፣ አምስተኛው ቤታ በ2024 መስከረም ወጣ። ከመነሻው እስከ መጀመሪያው ቤታ አሥራ ሰባት ዓመት ማለት ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንላለን፤ ድሩ እስኪያብር ግን አንበሳው አንድ ቦታ ቆሞ አይጠብቅም። በእነዚያ አሥራ ሰባት ዓመታት የድረ ገጽ ማሰሻ ገጽ ማንበቢያ መሆኑ ቀርቶ ባንኩም፣ ቢሮውም፣ ትምህርት ቤቱም የሚኖሩበት ቤት ሆነ። ሽቦ አልባ መረብ የቅንጦት ዕቃ መሆኑ ቀረ። ፊልሞች በተቆለፈ መልክ የሚመጡ ሆኑ፤ ቁልፉንም ጥቂት ኩባንያዎች ያዙት። ሃይኩ በ2001 የተለመለትን ግብ በአብዛኛው በ2009 አግኝቶታል ብዬ እፈርዳለሁ። ወደ ግቡ ሲደርስ ግን የዕለት ሥራ ከዚያ ተነሥቶ ሌላ ሰፈር ገብቶ ነበር።

እዚህ ላይ ሊኑክስ ይጠቀስብኛል፤ መጠቀሱም ተገቢ ነው። ሊኑስ ቶርቫልድስም በ1991 ሥራውን ሲያስተዋውቁ የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው ብለው ነበር። ሆኖም ሊኑክስ መጀመሪያ ያሸነፈበትን ሜዳ ተመልከቱ። የሰርቨር ዕለት ተዕለት ሥራ በጽሑፍ በታተሙ ስምምነቶች የተወሰነ ነው፤ ስምምነቱን በትክክል የፈጸመ ማንኛውም ስርዓት ሥራውን ይሠራል፣ በሌላኛው ጫፍ ያለው ሰውም ልዩነቱን አያውቅም። በዚያ ላይ አይቢኤም ለ2001 ብቻ 1 ቢሊዮን ዶላር እንደሚመድብለት አስታውቋል። ሃይኩ ደግሞ በ2021 በልገሳ ገንዘብ አንድ የሙሉ ጊዜ ፕሮግራመር ቀጠረ። ሁለቱን «የትርፍ ጊዜ ሥራዎች» በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ፍትሕ አይደለም። ለጠረጴዛ ኮምፒውተር የታተመ ስምምነት የለም፤ ያለው ሰዎች የለመዱት ነገር ብቻ ነው፣ ልማድ ደግሞ ይንቀሳቀሳል።

የሃይኩ እውነተኛ መሻሻል የመጣው፣ በእኔ ግምት፣ ከቢኦኤስ ትንሽ ትንሽ በራቀበት መጠን ነው። በ2013 የፕሮግራሞች ጥቅል አስተዳደር ገባለት። ለሽቦ አልባ መረብ የሚሆኑ ድራይቨሮችን ከፍሪቢኤስዲና ከኦፕንቢኤስዲ ተዋሰ። ሊብረኦፊስን የመሳሰሉ፣ ለሌሎች ስርዓቶች የተጻፉ ትልልቅ ፕሮግራሞች ተሻገሩለት። ይህን የሚያዝኑበት የቀድሞ ወዳጆች አሉ፤ የተዋሰ ፕሮግራም ያን የጥንቱን ፍጥነትና የካርድ መሳቢያ አይጠቀምም ይላሉ። ልክ ናቸው። ያለዚያ ውሰት ግን ዛሬ የምንወያይበት ስርዓት ባልኖረ ነበር።

እንግዲህ ዛሬስ? ለሚጽፍ፣ ለሚያነብ፣ ደብዳቤ ለሚለዋወጥ፣ ፕሮግራም ለሚጽፍ ሰው ሃይኩ ይሆናል፤ ከግማሽ ጊጋባይት ባነሰ ማኅደረ ትውስታም ይነሣል። ሌላው ስርዓት የተዋቸውን አሮጌ ማሽኖች ላሉት ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የተቆለፉ ፊልሞችን ለሚያይ፣ በካሜራ ለሚሰበሰብ፣ ከባድ የሥዕል ሥራ ለሚሠራ ሰው አይሆንም፤ አምስተኛው ቤታ የግራፊክስ ካርድን የሦስት አውታር አቅም አይጠቀምም። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ሌላ ነገርም አለ። ሃይኩ የአንድ ተጠቃሚ ስርዓት ነው፤ የተቀመጠበት ሰው ሁሉ የማሽኑ ሙሉ ጌታ ነው። ተማሪ በየሰዓቱ በሚለዋወጥበት የኮምፒውተር ላብ ውስጥ ይህ ብቻውን «አይሆንም» ለማለት ይበቃል። ስለ ፍጥነቱ የሚጽፉ አድናቂዎች ይህን ሲያልፉት ማየት ያሳዝነኛል።

የማን ዕለት ተዕለት ነው የሚለውን ግን ሳላነሣ አላልፍም። ቢኦኤስ ጽሑፍን በዩቲኤፍ 8 መያዝ የጀመረው ገና በ1990ዎቹ ነው። የግእዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 በሦስተኛው እትም ነው። ዊንዶውስ ኒያላ የተባለውን ፊደልና የአማርኛ ቁልፍ ሰሌዳ በውስጡ ይዞ የመጣው ከቪስታ ጋር በ2007 ነው። ከዚያ በፊት አማርኛ ይጻፍ የነበረው እርስ በርስ በማይናበቡ፣ ለየብቻ በተሠሩ ፕሮግራሞች ነበር፤ የአንዱን ጽሑፍ በሌላው ስትከፍቱት የላቲን ምልክቶች ክምር ይሆናል። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ዊንዶውስ «ለዕለት ሥራ ደርሷል ወይ» ብሎ የጠየቀ አልነበረም። መድረሱ እንደ ታወቀ ይቆጠር ነበር፤ ሚዛኑን የያዘው አማርኛ የማይጽፍ ሰው ነበርና።

ይህን ጥያቄ ለሃይኩ ስናቀርብ መልሱ አስደሳች ይሆናል። ለፊደላችን የቁልፍ ሰሌዳ ካርታ ብቻ አይበቃም፤ «ለ»ን ወደ «ሉ» እና «ሊ» የሚለውጥ፣ በፊደልና በቁልፍ መካከል የሚቆም አካል ያስፈልጋል። ሃይኩ ለዚህ የተዘጋጀ በር አለው፤ ለጃፓንኛ የተጻፈው ማስገቢያ በዚያው በር ይሠራል። የምንጭ ኮዱ ክፍት ነው፣ ፈቃዱም ልል የሆነው የኤምአይቲ ፈቃድ ነው፤ ስለዚህ በአማርኛ መጻፍ የፈለገ ሰው የማንንም ኩባንያ ውሳኔ አይጠብቅም። የሥራውን መጠን ስገምተው የአንድ ትጉህ ተማሪ የመመረቂያ ፕሮጀክት ያህል ነው፤ ሲ ፕላስ ፕላስ የሚችል ተማሪ በዚህ አዳራሽ ካለ ቢሮዬ ክፍት ነው።