ሕጉ ያላናገራቸው ወላጆች

ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከጨንቻ፣ ወንድ ልጅን አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ላለ ሸማኔ ዘመድ ወይም ለአገር ልጅ መስጠት የቆየ ልማድ ነው። ልጁ መጀመሪያ ማግ ያጠነጥናል፤ እግሩ መርገጫው ላይ ሲደርስ የሽመናው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ መወርወሪያ ይይዛል። ወላጁ «ቅጠርልኝ» አይልም፤ «አሳድግልኝ፣ ሙያ አስይዝልኝ» ነው የሚለው። ልጁ ጉልበቱ ሲበዘበዝ «ወላጆች ሕጉን አያውቁም» የሚል ወቀሳ ይከተላል። የሕጉ ታሪክ ግን ይህን ሁሉ ወቀሳ በወላጅ ጫንቃ ላይ ለመጣል አያስደፍርም።

በ1985 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 42 ዕድሜው 14 ዓመት ያልሞላን ልጅ መቅጠር ከለከለ። የ1996ቱ አዋጅ ቁጥር 377 ይህንኑ አጸና፤ የ2011ዱ ቁጥር 1156 ደግሞ ወደ 15 ከፍ አደረገው። ክልከላው በግልጽ የሚያናግረው አሠሪን ነው። የባሰው ደግሞ አዋጆቹ ለአስተዳደግ ሲባል የሚደረግን ውል ከተፈጻሚነት ወሰናቸው ማስወጣታቸው ነው። «አሳድግልኝ» ብሎ ልጁን የሰጠ አባት አዋጁ ቢነበብለት እንኳ የራሱን ሥራ እዚያ ውስጥ ለማግኘት ይቸገራል።

በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናትን ከጉልበት ብዝበዛ ጠብቋል፣ ታዲያ ይህ አይበቃም ወይ? የሚል ይኖራል። ይበቃ ነበር፣ ወላጁ ድርጊቱን ብዝበዛ ብሎ ቢጠራው ኖሮ። ምክንያቱ ድህነት እንጂ አለማወቅ አይደለም የሚለው ሙግት የበለጠ ይከብዳል፤ እውነትም አለው። ሆኖም ድህነት ወላጅ ልጁን ለምን እንደሚሰጥ እንጂ ለምን ሳይደብቅ፣ ዘመድ እያወቀ እንደሚሰጥ አያስረዳም። ሕግ እየጣሰ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ይሸሽጋል።

ዕድሜውስ? ክልከላው ሁሉ የቆመው በቁጥር ላይ ነው፣ የገጠር ልጅ ግን ዕድሜው የሚነገረው በዝናብ ዓመትና በድርቅ ነበር። የልደት ምዝገባ አዋጅ የወጣው በ2004 ነው፤ በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ የጀመረውም በ2008፣ ማለትም 14 ዓመት የሚል ቁጥር አዋጅ ውስጥ ከገባ ከ23 ዓመት በኋላ። በ2008 እንደተወለደ የተመዘገበ ልጅ ለሥራ የተፈቀደውን 15 ዓመት የሚሞላው በ2023 ነው።