ከብልት አውጪው እስከ አናቶሚ ክፍል

ዶሮ ስንት ብልት አላት ተብሎ ቢጠየቅ «አሥራ ሁለት» ብሎ የማይመልስ የከተማ ሰው እንኳን ጥቂት ነው። ፈረሰኛውን ከመላላጫው፣ መቋደሻውን ከቅልጥሙ ለይታ የማታወጣ ሴት በድሮው ዘመን ባለሙያ አትባልም ነበር። የቅርጫ በሬ ሲታረድም ሻኛውን፣ ዳቢቱን፣ ሽንጡንና ጎድኑን አጥንት ሳይሰብር በየመገጣጠሚያው የሚለይ ብልት አውጪ ከየመንደሩ አይጠፋም። ለመሆኑ የበሬና የዶሮ አካል እንዲህ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሕዝብ የራሱን አካል ማጥናት የጀመረው መቼና እንዴት ነው?

ጥያቄው የሐኪሞች ብቻ ይመስላል እንጂ አይደለም። አባቶቻችን የሰውን አካል ቆጥረው አያውቁም ማለት አይቻልም። በግዕዝ ሥነ ጽሑፋችን «መልክእ» የሚባለው የድርሰት ዓይነት ቅዱሱን ወይም ቅድስቲቱን ከራስ ጠጉር ጀምሮ እስከ እግር ጥፍር ድረስ በየብልቱ «ሰላም» እያለ የሚያወድስ ነው። ቅንድብ አይቀረው፣ ከንፈር አይቀረው፣ ክርን አይቀረው። ከቆዳ በታችም ገብቶ ልብንና ኩላሊትን ይጠራል፤ በመጨረሻም እስከ ነፍስ መውጣትና እስከ መቃብር ይደርሳል። በቅደም ተከተሉ የዛሬውን የአናቶሚ መጽሐፍ ቢያስታውሰን አይደንቅም። ልዩነቱ ዓላማው ላይ ነው፤ መልክኡ የሚቆጥረው ሊያወድስ እንጂ ሊፈውስ አይደለም።

የአካላችን ክፍሎች ምን እንደሚሠሩም የራሳችን አስተሳሰብ ነበረን። የፈራ ሰው «ሐሞቱ ፈሰሰ» ይባላል። የተናደደ «ቆሽቴ አረረ» ይላል። ያዘነ አንጀቱ ይላወሳል፣ የተቀየመ ሆዱ ይሻክራል፣ አስተዋይ ደግሞ ልብ አለው። ዛሬ ሐሞት የበላነውን ቅባት ለመፍጨት እንደሚረዳ፣ ቆሽትም የደም ስኳርን የሚቆጣጠር ኢንሱሊን እንደሚያመነጭ እናውቃለን። ነገር ግን በአሮጌው አነጋገር የሚስቅ ሰው ካለ የአውሮፓን ታሪክ ይመልከት። የጋሌን ትምህርት ከሺህ ዓመት በላይ ያለ ተቀናቃኝ ሲነገር ኖሯል፤ የሰውንም ጠባይ በሐሞትና በደም መብዛትና ማነስ ይተረጉም ነበር። ጋሌን የመረመረው በአብዛኛው የዝንጀሮና የአሳማ አካል ስለነበር ከብልት አውጪያችን ብዙም አይርቅም። ቬሳሊየስ የሰውን አስከሬን በገዛ እጁ ከፍቶ ያየውን በመጽሐፍ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1543 ነው። ዊልያም ሃርቬይ ደም ከልብ ወጥቶ ወደ ልብ እየተመለሰ እንደሚዘዋወር ያስረዳበት መጽሐፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1628 ታተመ።

የሃርቬይን ነገር ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። አዊ የፈረስ አገር ነው። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም ጀምሮ የቆየ ሲሆን ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የሚደረገውን ትርኢት ያየ ሰው ፈረስ ለዚያ ሕዝብ ምን እንደሆነ ይገባዋል። ፈረስ ባለበት መውደቅ አለ፤ መውደቅ ባለበት ደግሞ ወጌሻ አለ። ጥርባ በሄድሁ ጊዜ ያነጋገርኋቸው አንድ ሽማግሌ ወጌሻ ትከሻዬን በጋቢዬ ላይ ዳሰስ አድርገው አጥንቱ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያርፍ፣ ሲወልቅ ወደየት እንደሚሸሽ በጣታቸው አሳዩኝ። «ልጄ፣ ዓይን ይሳሳታል፤ እጅ ግን አይዋሽም» አሉኝ። ፊደል ሳይቆጥሩ ከአባታቸው የወረሱት እውቀት ነው።

ይሁን እንጂ እጅ የማይደርስበት ነገር አለ። የተሰበረ ክንድ በቀርከሃ ታስሮ ሲጠብቅ፣ እብጠቱም ሲጨምር፣ ደም ወደ ጣቶች መድረስ ያቆማል። ጣቶቹ ይደነዝዛሉ፣ ይቀዘቅዛሉ፣ ይጠቁራሉ። ከዚያ በኋላ ሆስፒታል ቢደርሱም ብዙ ጊዜ የሚቀረው መቁረጥ ብቻ ነው። በአገራችን ሆስፒታሎች በጠባቂ እስር ምክንያት ክንዳቸውን ወይም እግራቸውን ያጡ ሕፃናት ታሪክ በሐኪሞች ጥናት በተደጋጋሚ ተጽፏል። ወጌሻው አጥንቱ የት እንዳለ ያውቃል፤ ያ ማለት አናቶሚ አለው። የጎደለው ደሙ እንዴት እንደሚሄድ ማወቅ፣ ማለትም ፊዚዮሎጂ ነው። ሁለቱን በአንድነት የሚያስተምረው ኮሌጅ ያስፈለገን ለዚህ ነው።

ወደዚያ ኮሌጅ የሄድንበት መንገድ ረጅም ነበር። በዘመናዊ ሕክምና ለመጀመሪያ ጊዜ የተመረቀው ኢትዮጵያዊ ትምህርቱን ያገኘው በምርኮ ምክንያት ነው። ጎንደር የተወለዱት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በ1860 ዓ.ም መቅደላ ስትወድቅ በልጅነታቸው በእንግሊዝ መኮንን ተወስደው ሕንድ አገር አደጉ፤ እ.ኤ.አ. በ1882 ከላሆር የሕክምና ኮሌጅ ተመረቁ። ብዙ ዘመን ቆይተው ወደ አገራቸው ሲመለሱ ቤተ ዘመድ ያወቃቸው በአካላቸው ላይ በነበረው የልጅነት ጠባሳ ነው ይባላል። የሰውን አካል አጥንተው የመጡትን ሐኪም ዘመድ በአካላቸው ምልክት ለየ!

ከእሳቸው በኋላ በየሆስፒታሉ ቁስል ማጠብና መርፌ መውጋት የተማሩ ድሬሰሮች አገሩን ለረጅም ጊዜ ተሸከሙት። የከፍተኛ ትምህርቱን በር የከፈተው ግን ወረርሽኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ የተነሣው ወባ ወደ ሰባት ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ፈጀ። በማግሥቱ፣ በ1947 ዓ.ም፣ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተቋቁሞ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን ጎን ለጎን ማሠልጠን ጀመረ። በአዲስ አበባ የሕክምና ፋኩልቲ በ1957 ዓ.ም፣ ጎንደርም ከላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በ1971 ዓ.ም ሐኪሞችን ማስተማር ጀመሩ። ጅማ በ1975 ዓ.ም ተከተለ። በ2004 ዓ.ም በአንድ ጊዜ 13 አዳዲስ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ። እነሆ ዛሬ ለጥርባ ልጅ እንጅባራ ላይ ዩኒቨርሲቲ አለለት፤ የጤና ትምህርትም ይሰጥበታል።

በሩ ተከፈተ ማለት ግን መንገዱ ቀና ማለት አይደለም። በቤቱ አገውኛ የተናገረ፣ በገበያ አማርኛ የለመደ ልጅ አናቶሚ ክፍል ሲገባ በእንግሊዝኛ የተጻፈ መጽሐፍ፣ በውስጡም የላቲንና የግሪክ ስሞች ይጠብቁታል። የአዋቂ ሰው አጥንት 206 ነው፤ ጡንቻው ከ600 በላይ ነው። ነርቩና የደም ሥሩ ሲጨመር ተማሪው የሚይዘው አማራጭ እንደ ዳዊት በቃል መሸምደድ ነው። «ስተርኖክላይዶማስቶይድ» የሚባል የአንገት ጡንቻ አለ። ስሙ ድግምት ይመስላል፤ ሲፈታ ግን ጡንቻው ከየትኞቹ የደረት አጥንቶች ተነሥቶ ከጆሮ ጀርባ ባለው አጥንት እንደሚያርፍ የሚናገር የአድራሻ ጽሑፍ ነው። «ፓቴላ» የሚባለው የጉልበት አጥንት በላቲን ትንሽ ሳህን ማለት ሲሆን እኛ ሎሚ እንለዋለን። «መስል» የሚለው የጡንቻ ስም የመጣው ትንሽ አይጥ ከሚል ቃል ነው። እነዚያም የጥንት ሰዎች ስም ያወጡት እንደ እኛ ከጓዳቸውና ከደጃቸው እየለቀሙ ነበር።

ይህን ለተማሪው የሚነግረው መምህር ካገኘ ሽምደዳው ትምህርት ይሆናል። የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ በ1989 ዓ.ም ያሳተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ለብዙው የአካል ክፍል የአማርኛ ስም ሰጥቷል፤ ነገር ግን ከመደርደሪያ ወርዶ ወደ ትምህርት ክፍል መግባቱ አጠያያቂ ነው።

እንግሊዝኛው ይቅር አልልም፤ የዓለም ሐኪም የሚነጋገርበት ነው። የምለው ተማሪው ሁለተኛ ፈተና አለበት ነው። በወረቀት «ራዲየስ» ብሎ ሙሉ ነጥብ ያገኘ ልጅ ለእናቲቱ «ጣቱ ከቀዘቀዘ እስሩን ዛሬውኑ አላልተው ይዘውት ይምጡ» ብሎ በምትሰማው ቋንቋ መንገር አለበት። ለወጌሻውም እንዲሁ። ጥርባ ላይ ያሉትን ሽማግሌ «ተዉ» ብሎ መከልከል ቀላል ነው፤ ሕዝቡ ግን በጓሮ ይዟቸው ይሄዳል። እስሩን ከማጥበቃቸው በፊትና በኋላ የጣቱን ጥፍር ጫን አድርገው ደሙ መመለሱን እንዲያዩ ማሳየት ግን የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። እጃቸው የማይዋሽ ከሆነ ያንንም ይማራል። ለዚያ ልጅ የተማረው እውቀት የሚመዘነው የሚያርፈው ክንድ ላይ ነው።