ተፈሪ ምን አሰበ?

የሥነ ጽሑፍ ወዳጅ ሁሉ የ«ፋቡላ»ን ደራሲ ያውቃል። የዘመናዊ ቴአትራችንን የመጀመሪያ ተውኔት የጻፉት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ግን ከወረቀት ውጭም ድርሰት አላቸው፤ እርሱም ከተማ ነው። ከዐድዋ ጦርነት በኋላ በልጅነታቸው ወደ ሩስያ ተሻግረው የተማሩትና የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት እኒሁ ሰው፣ በ1910ዎቹ ጨርጨርን ሲገዙ ግዛቲቱን ለሌሎች አርአያ ሊያደርጉ ተነሡ፤ አሰበ ተፈሪንም ዋና ከተማዋ አደረጓት።

አንድ ክረምት በዚያች ከተማ ወጣቶችን ሰብስቤ ስለ ቤትና ስለ መንገድ አሠራር አስተምር ነበር። በመጀመሪያው ቀን የፊታውራሪውን ታሪክ ተረክሁላቸው። «አሰበ ተፈሪ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው» አልኳቸው፤ በሰዋስው መፎከር የቆየ አመሌ ነው። አንዲት ልጅ እጇን አወጣች፦ «መምህር፣ ተፈሪ ምን አሰበ?» ተሳቢው የለም። ሳቁ ሳይበርድ ከኋላ የተቀመጠ ልጅ፣ «አያቶቼ ጭሮ ነው የሚሏት፤ ለምን ከገዥው ጀመሩ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ሰሌዳውን አጠፋሁ።

በማግስቱ ከየቤታቸው ጀመርን። ሜትር ስላልነበረን በየክንዱ በተቋጠረ ሲባጎ ግድግዳ ለኩ፤ በደብተራቸውም ነደፉ። የጣራው ክፈፍ ከግድግዳው ለምን ወጣ እንደሚል የጠየቀችውን ልጅ ወደ አያቷ መለስኳት፤ ሽማግሌው በወጣትነታቸው ቤት ሠሪ ነበሩ። ዝናብ የጭቃ ግድግዳ እንዳይሸረሽር መሆኑን ነገሯት። ጭቃው ከጭድ ጋር ተቦክቶ ካልሰነበተ ሲደርቅ እንደሚሰነጠቅ፣ የምሰሶው እግር ከመተከሉ በፊት በእሳት የሚለበለበው ምስጥ እንዳይበላው እንደሆነም አስረዷት። ይህን ሁሉ ስትጽፍ አምስት ገጽ ሞላች። እኔ ስለ ፊታውራሪው የተናገርሁት ግማሽ ገጽ አይሞላም ነበር።

ፊታውራሪውን ዛሬም አከብራቸዋለሁ፤ ከተማ ታስቦ ሊሠራ እንደሚችል ያመኑ ሰው ነበሩ። ሆኖም ሐሳቡን ያቆሙት ምሰሶ ተካዮችና ጭቃ ረጋጮች ስማቸው በመጽሐፍ አልሰፈረም፤ እኔም ያን ልጅ እስክሰማ ድረስ አልፈለግኋቸውም።

በዓመቱ ስመለስ ያ ቤት ፈርሶ በስፍራው ብሎኬት ተከምሯል። ሽማግሌው በተረፈችው ጓዳ ደጅ ተቀምጠው ነበር። የልጅቱን ደብተር አስመጥተው ንድፉን ገለጡልኝና በጣታቸው አንድ ማእዘን ነኩ።

«ይኸ ምሰሶ ተረስቷል» አሉኝ። «አስተካክላት።»