እቴጌ ሆቴልና ባለቤቶቹ

እቴጌ ጣይቱ ብጡል በ1890ዎቹ መጨረሻ፣ ዛሬ ፒያሳ በሚባለው ሰፈር ሆቴላቸውን ሲያሠሩ፣ አዲስ አበባ በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ በየመኳንንቱ ሰፈር ተበታትና የምትኖር፣ ከከተማነት ይልቅ መንደርነት የሚያይልባት ሥፍራ ነበረች። ባቡሩም ገና ከድሬዳዋ አላለፈም ነበርና፣ ከዐድዋ ድል ወዲህ የበዛው የውጭ አገር መልእክተኛና ነጋዴ በበቅሎ ተጉዞ ሲደርስ፣ ወይ በገዛ ድንኳኑ ያድራል፣ ወይ ከወዳጅ ቤት ይጠጋል፣ ወይም ከቤተ መንግሥት ድርጎ ይቆረጥለታል።

እንጀራን በገንዘብ መሸጥ እንደ ነውር በሚቆጠርበት በዚያ ዘመን፣ ሆቴሉ ተመጋቢ ቢያጣ ዳግማዊ ምኒልክ መኳንንቱን አስከትለው ገብተው፣ በልተውም ሒሳብ ከፈሉ እየተባለ ይተረካል። ትረካው ቢጋነንም እንኳ፣ ንጉሡ በግብር ሺሕ ሰው በነጻ በሚያበላበት አገር ንግሥቲቱ ማዕድ በዋጋ ማቅረቧ ምን ያህል እንግዳ ነገር እንደ ነበረ ያስረዳል። የባዕዳንን ጣልቃ ገብነት አጥብቀው የተቃወሙት እቴጌ የፈረንጅ ማደሪያ መሥራታቸውም ቢያስገርም፣ የማደሪያው ባለቤት የእንግዳውን መግቢያና መውጫ እንደሚያውቅ የሳቱት አይመስለኝም።

ጣይቱ በ1902 ዓ.ም. ከሥልጣን ተገልለው በ1910 ዓ.ም. በእንጦጦ ሲያርፉ፣ ባቡሩ አንድ ዓመት ቀድሞ አዲስ አበባ ደርሶ ነበርና፣ ሆቴሉ ከመሥራቹ ተለይቶ የመንገደኛ መናኸሪያ ሆነ። በ1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ወረራ ሲጀመር ደግሞ፣ ኢምፔሪያል በሚል ስም የሚጠራው ይኸው ቤት፣ ጦርነቱን ሊዘግቡ በመጡ የውጭ አገር ጋዜጠኞች ተጨናነቀ። ከአብዮቱ በኋላ ደርግ ወረሰው፤ ከደርግ ውድቀት በኋላም ወደ ግል ይዞታ ተዛወረ።

በዚህ ሁሉ መካከል ባለቤት እንጂ ቤቱ ብዙም አልተለወጠም፦ ሰፊው የእንጨት ደረጃ፣ የሳንቃው ወለል፣ የጣሪያው ከፍታና ሰገነቱ የምኒልክን ዘመን አሠራር ይመሰክራሉ። በጥር 2007 ዓ.ም. የተነሣው እሳት ግን የጃዝ ሙዚቃ ይደመጥበት የነበረውን ጃዛምባን ጨምሮ ከሕንፃው ከፊሉን አጠፋ። ቅርስን ስለ መጠበቅ በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቅርስ በግል እጅ እንዲቆይ ቢፈቅድም የመንከባከቡን ግዴታ በባለይዞታው ላይ ይጥላልና፣ የእንጨቱን አሮጌ ደረጃ ከእሳትና ከምስጥ መጠበቅ የአሁኑ ባለቤት ዕዳ ነው።