«አፕኒያ» ወይስ የትንፋሽ መቆራረጥ?

«የእንቅልፍ አፕኒያ» የሚለው ስያሜ በትርጉም የጤና ጽሑፎች ውስጥ ሥር እየሰደደ ነው። ግማሹ አማርኛ፣ ግማሹ ግሪክ ነው፤ ችግሩ በሽታውን የሚገልጸው ግማሽ ግሪኩ መሆኑ ነው። ግሪኮቹ «አ» የምትል አፍራሽ ቅጥያ ከመተንፈስ ጋር አጋጥመው «ትንፋሽ የለሽነት» አሉት፤ ለእነሱ ግልጽ ነው። በእኛ ፊደል ሲጻፍ ግን የመድኃኒት ስም ይመስላል። ባዕድ ቃል ሁሉ ይውጣ የሚል ክርክር የለኝም። «ስኳር» ራሱ እንግዳ ነበር፤ ዛሬ «ስኳር አለብኝ» ለሚል ሰው አስተርጓሚ አያስፈልገውም። ኮሌስትሮልም በላቦራቶሪ ወረቀት ላይ ቁጥር ሆኖ ስለሚመጣ ስሙ ባይገባ ብዙ አይጎዳም። ይህኛው ሕመም የሚለየው ታማሚው ራሱ ስለማያየው ነው። የሚያየው አጠገቡ የተኛው ሰው ነው፦ ማንኮራፋቱ ድንገት ጸጥ ይላል፣ ደረት ይታገላል፣ አየር ግን አይገባም፤ ከዚያ ሰውየው በኃይል ስቦ ይተነፍስና ዞር ብሎ ይተኛል። ጠዋት አንዱንም አያስታውስም። እንግዲህ «አፕኒያ አለብህ?» ተብሎ ቢጠየቅ «የለብኝም» ከማለት ሌላ ምን ይመልስ?

ከቀረቡት አማራጮች «የእንቅልፍ መታፈን» ጉልበት አለው፤ ጉሮሮ ሲዘጋ የሚሆነውም በእርግጥ መታፈን ነው። ነገር ግን «ታፈነ» ዛሬ በዜና ውስጥ ሌላ ሥራ ይዟል፤ ሰው ተወሰደ ማለት ነው። በዚያ ላይ ጉሮሮ ሳይዘጋ አንጎል የመተንፈስ ትእዛዝ ሳይልክ የሚቀርበት ዓይነትም ስላለ ቃሉ ግማሹን ብቻ ይሸፍናል። አገር በቀሉን «ዱካክ»ን እንጠቀም ለሚሉም መልሱ ቅርብ ነው። ዱካክ የተጫነው ሰው ነቅቶ መንቀሳቀስ ያቅተዋል፣ ጭንቀቱንም ሲነጋ ይተርካል፤ የእኛው ታማሚ ግን የሚተርከው የለውም። «ትንፋሽ ማጠር»ን አስምና ልብ ድካም ወስደውታል። «የእንቅልፍ መቆራረጥ»ም አይሆንም፤ የሚቆራረጠው በመጀመሪያ ትንፋሹ ነው፣ እንቅልፉ ተከትሎት ነው።

ስለዚህ ምርጫዬ «የእንቅልፍ ትንፋሽ መቆራረጥ» ነው። ልቤን የገዛው ግሡ ነው። አማርኛ «ተቋረጠ» እና «ተቆራረጠ» ብሎ ይለያል፤ «መብራት ተቋረጠ» እና «መብራት ይቆራረጣል» አንድ እንዳልሆኑ ለማንም አይነገርም። «ትንፋሹ ተቋረጠ» ብንል ለቅሶ እንጠራለን። «ይቆራረጣል» ግን ሄዶ መምጣቱን፣ መደጋገሙን በአንድ ፊደል ድርብርብ ይነግረናል። ሐኪሞች የሚቆጥሩትም ይህንኑ ድግግሞሽ ነው፦ አንዱ መቋረጥ ቢያንስ 10 ሰከንድ ይቆያል፤ ትንፋሽ የተቋረጠበትና የሳሳበት ጊዜ ተደምሮ በሰዓት 5 ሲደርስ ችግር ተብሎ ይመዘገባል፣ 30 ሲሞላ ደግሞ ከባድ ይባላል። አሠራሩም ከ«ደም ማነስ» ጋር አንድ ነው፤ ስም ይቀድማል፣ ንዑስ አንቀጽ ይከተላል። ረዘመ የሚለኝ ይኖራል። እውነት ነው፤ አውዱ ግልጽ ሲሆን «ትንፋሽ መቆራረጥ» ብቻ ይበቃል፣ «የሳንባ ምች»ም ከ«ኒሞኒያ» ረዝሞ ከመኖር አልከለከለውም።

ሐኪሞች የሚማሩት በእንግሊዝኛ ስለሆነ አዲስ ስም ግራ ያጋባል የሚለው ተቃውሞ ክብደት አለው። እርስ በርስ ሲነጋገሩ አፕኒያ ይበሉት፤ ክርክሩ ከታማሚ ጋር ስለሚነገረው ነው፣ ይህም በሁለተኛው ዓይነት ስኳር ላይ ጎልቶ ይወጣል። በ2009 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት ይህ ስኳርና ከልክ ያለፈ ውፍረት ያለባቸውን 306 ሰዎች በእንቅልፍ ምርመራ ቢያይ ከ86 በመቶ በላይ የሚሆኑት ትንፋሻቸው ይቆራረጥ ነበር። ሁሉም ወፍራሞች ስለነበሩ ቁጥሩን ለስኳር ታማሚ ሁሉ ማልበስ ስሕተት ነው፤ ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ግን በ2008 አንዱ ያለበት ሰው ለሌላውም እንዲታይ መክሯል። ውፍረት ሁለቱንም ያመጣል፤ ከዚያ ውጭም ኦክስጅን በወረደ ቁጥር ሰውነት እንደ አደጋ ቆጥሮት አድሬናሊን ይለቃል፣ ጉበት ስኳር ይረጫል፣ ኢንሱሊንም ጉልበቱን ያጣል።

መደበቂያውም እዚሁ ነው። ሌሊት ደጋግሞ ለሽንት መነሣት፣ ቀን ማንጎላጀት፣ ድካም፦ ታማሚው ሁሉንም «ስኳሬ ነው» ብሎ ያልፈዋል፤ ስኳሩም እውነት ይህን ያደርጋል። ሚስት ወይም ባል ክሊኒክ አብረው ሲመጡ «ሲያንኮራፋ ትንፋሹ ይቆራረጣል?» ተብለው ቢጠየቁ ግን ሳያስቡ ይመልሳሉ። ብቻውን የሚተኛው ምስክር የለውም፤ ለእርሱ የአንገቱን ውፍረት፣ የደም ግፊቱንና ጠዋት የሚነሣበትን ራስ ምታት መጠየቅ፣ ከዚያም ሌሊቱን በመሣሪያ ማስለካት ይቀራል።