ለባለቤቱ የሚመለስ መልክ

ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው አዲስ ቅዳም፣ እንደ ብዙው የአገራችን ክፍል ሁሉ፣ በለቅሶ ጊዜ የሟቹ ፎቶግራፍ ካለ ከፍ ተደርጎ ይታያል። ከሌለ ግን መልኩ ከአስታዋሾቹ ጋር ያልፋል።

ይህ ልዩነት ታሪክ አለው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የመጣው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን፣ ከእርሱም በኋላ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒ፣ የነገሥታቱን መልክ አቆዩልን። የድኻው ገበሬ መልክ በዓለም ፊት ጎልቶ የታየው በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ኬንያዊው መሐመድ አሚን በኮረም በቀረጸው የረኀብ ፊልም ነው። ፊልሙ ብዙ እርዳታ አስገኝቷል፤ ሆኖም የተቀረጸው ለተመልካቹ እንጂ ለተቀራጩ ቤተሰብ መታሰቢያ አልነበረም።

በታኅሣሥ 2002 ዓ.ም. አሜሪካዊው ፎቶግራፍ አንሺ ጄረሚ ካወርት «ሄልፕ ፖርትሬት» በተባለው እንቅስቃሴ በልዩ ልዩ አገሮች የሚገኙ ባለሙያዎችን አስተባብሮ ችግረኛ ቤተሰቦች በነጻ ፎቶግራፍ እንዲነሡ አደረገ። ደንቡ አጭር ነበር፤ ፎቶግራፉ ታትሞ ለተነሺው ይሰጣል እንጂ የአንሺው መታያ አይሆንም።

ገጠሬው ለገበያ ወደ አዲስ ቅዳም በሚወጣበት ቀን አንድ ካሜራ፣ አንድ ነጭ አንሶላና አንድ ማተሚያ ለዚህ ሥራ ይበቃሉ። የነገሥታትን መልክ ለታሪክ ያቆየ ሙያ፣ የእናትን መልክ ለልጇ የማቆየት ዕዳ አለበት።