የፍቅር ደራሲዋ የሥራ ሰዓት

ደራሲ በሰዓት ተቀምጦ በሰዓት ይነሣል ሲባል ብዙ አንባቢ ቅር ይለዋል። የሚጻፈው የፍቅር ታሪክ ከሆነ ደግሞ ቅሬታው ወደ ንቀት ይሻገራል፤ ስለ ፍቅር የሚጽፍ ሰው ልቡ ሲነካ እንጂ ሰዓቱ ሲደርስ እንዴት ይጽፋል ይባላል። በዓመት ሁለት ሦስት ልብ ወለድ ያወጡ የነበሩት የእንግሊዝ የፍቅር ደራስያን ከ1930ዎቹ ጀምሮ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ይህን ነቀፌታ ጠግበውታል። የእኔ ሙግት ነቀፌታው ዒላማውን ስቷል የሚል ነው። ሰዓት ጠብቆ የመጻፍ ልማድ ከችሎታ ማነስ የመጣ አይደለም፤ መጽሐፍ ይሸጥበትና ይከራይበት የነበረው ሥርዓት የጣለው የሙያ ግዴታ ነው። ያው ግዴታ፣ ሌላው በር ለተዘጋባቸው ሴቶች እነሱ ራሳቸው የሚያዝዙበት ገንዘብ አስገኝቷል።

ሥርዓቱን ከሥሩ ማየት ይበጃል። ጄራልድ ሚልስና ቻርልስ ቡን በ1908 ለንደን ውስጥ ያቋቋሙት ሚልስ ኤንድ ቡን መጀመሪያ ላይ ያገኘውን ሁሉ የሚያትም ድርጅት ነበር፤ የጃክ ለንደንን መጻሕፍት ሳይቀር አውጥቷል። ፊቱን ወደ ፍቅር ልብ ወለድ ብቻ ያዞረው በ1930ዎቹ ነው፤ ያዞረውም የመጽሐፍ አከራዮች ገበያ ነው። ቡትስ የተባለው የመድኃኒት ቤቶች ድርጅት ከ1898 ጀምሮ በየሱቁ ውስጥ መጽሐፍ ያከራይ ነበር። ከእሱ በታች ደግሞ ትምባሆና ጋዜጣ የሚሸጡ ትንንሽ ሱቆች አንዱን መጽሐፍ በሁለት ፔኒ ያውሱ ነበር። በእኛም ከተሞች ልብ ወለድ ከአከራይ እየወሰደ ያደገ ሰው የዚህን ገበያ ጠባይ ለመረዳት አይቸገርም፤ ደንበኛው የወሰደውን በቀናት ውስጥ ጨርሶ ይመልስና «አዲስ ምን መጣ?» ይላል። አከራዩ ጥያቄውን ለአሳታሚው፣ አሳታሚው ለደራሲው ያስተላልፋል። የሚልስ ኤንድ ቡን መጻሕፍት ቡናማ ጥራዝ ስለነበራቸው ብዙ አንባቢ የደራሲውን ስም ትቶ በቀለማቸው ይጠይቃቸው ነበር። ስሙ የማይጠየቅ ደራሲ ቦታውን የሚያስከብረው በአንድ ነገር ነው፤ ቀጠሮውን ባለማጓደል።

በዚያ ላይ የሴቶች ሳምንታዊ መጽሔቶች ነበሩ። ብዙ የፍቅር ልብ ወለድ በመጽሐፍ ከመታተሙ በፊት በተከታታይ ክፍል በመጽሔት ይወጣ ነበር፤ ደራሲውም ለአንድ ሥራ ሁለት ጊዜ ይከፈለው ነበር። እዚህ ጋ ልማዱ ወደ ጽሑፉ አጥንት ይገባል። የአንዱ ሳምንት ክፍል በተመደበለት ቦታ ልክ ማለቅ አለበት፤ ሲያልቅም አንባቢዋ የሚቀጥለውን እትም እንድትገዛ የሚያደርግ ጥርጣሬ ጥሎ ማለፍ አለበት። ደብዳቤው ሊከፈት ሲል፣ በሩ ሲንኳኳ፣ ሰውየው የሌላዋን ስም ሲጠራ ክፍሉ ይቆረጣል። ይህን በየሳምንቱ ማሳካት መንፈስ እስኪወርድ በመጠበቅ አይሆንም፤ ቃል እየቆጠሩ በመሥራት ነው።

ከዚህ ሥርዓት የወጣችው አይዳ ኩክ ናት፤ አንባቢዎቿ የሚያውቋት ሜሪ በርቸል በሚል የብዕር ስም ነበር። በ1904 ሰንደርላንድ ተወልዳ፣ ከእህቷ ከሉዊዝ ጋር ለንደን ውስጥ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ሆነች፤ የእሷ ሥራ የሌላውን ሰው ጽሑፍ በታይፕ መገልበጥ ነበር። እህትማማቾቹ የኦፔራ ፍቅር ስለነበረባቸው ከምሳቸው እየቆጠቡ ኒውዮርክ ድረስ ሄደው ሰምተዋል፤ አይዳም ለመጽሔት መጻፍ የጀመረችው ያንን ጉዞ በመተረክ ነው። የመጀመሪያ ልብ ወለዷ በ1936 በሚልስ ኤንድ ቡን ታተመ። ገቢዋ ከቢሮ ደመወዟ እጅግ በላይ ሆነ። በእነዚያው ዓመታት በኦፔራ ያወቋቸው ሰዎች፣ የኦርኬስትራ መሪው ክሌመንስ ክራውስና ዘፋኟ ባለቤቱ ቪዮሪካ ኡርሱሊያክ፣ በናዚዎች ምክንያት የተጨነቁ አይሁድ ወዳጆቻቸውን አደራ አሏቸው። እህትማማቾቹ ዓርብ ማታ ከክሮይደን ወደ ኮሎኝ በአውሮፕላን እየሄዱ፣ እሑድ ሌሊት በሆላንድ በኩል በባቡርና በመርከብ እየተመለሱ፣ ሰኞ ጠዋት ሉዊዝ ቢሮዋ ትገባ ነበር። ሲሄዱ ተራ ልብስ ይለብሱ ነበር፤ ሲመለሱ ደግሞ የስደተኞቹን ጌጣጌጥና የለንደን ሱቅ ምልክት የተሰፋበት የፀጉር ካፖርት ለብሰው ይመጡ ነበር። ጦርነቱ እስኪፈነዳ 29 ሰዎች እንዲያመልጡ ረድተዋል።

የደራሲዋ ልማድ ከዚህ ጋር የሚገናኘው በገንዘብ ነው። ብሪታንያ አንድን ስደተኛ ለመቀበል በመንግሥት ላይ ሸክም እንደማይሆን የሚያረጋግጥ ዋስ ትጠይቅ ነበር። ዋስ ለመሆን ደግሞ ዛሬ ሞልቶ ነገ የሚጎድል ገንዘብ አይበቃም፤ ቋሚ ገቢ ያስፈልጋል። ከአንድ ታላቅ መጽሐፍ የሚመጣ ዝና ይህን ላይሰጥ ይችላል፤ በየጥቂት ወሩ የሚጠናቀቅ ልብ ወለድና የታወቀ ውል ግን ይሰጣል። አይዳ ለንደን ዶልፊን ስኩዌር ውስጥ የነበራትን መኖሪያ ለሚደርሱት ስደተኞች ማረፊያ ማድረግ የቻለችውም በዚሁ ገቢ ነው። አሳታሚው ሰዓት አክባሪ ደራሲ የፈለገው ለትርፉ ሲል ነው፤ ትርፉ ለእሷም ሲደርስ ግን በፈቃዷ አዋለችው።

ይህ ሁሉ የሴትዮዋን ደግነት ያሳያል እንጂ ስለ መጻሕፍቱ ምን ይነግረናል? የሚል ቢኖር እውነት አለው። የበጎ ሰው መጽሐፍ ሁሉ ጥሩ አይሆንም። እኔም መጻሕፍቱ ታላቅ ናቸው አላልሁም፤ ፍጥነታቸው የደካማነታቸው ማስረጃ አይሆንም ነው ያልሁት። ለዚህ አንቶኒ ትሮሎፕ ይመስክር። የፖስታ ቤት ባለሥልጣን የነበረው ይህ ደራሲ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥ፣ ሰዓቱን ከፊቱ አስቀምጦም በየሩብ ሰዓቱ 250 ቃል ይጽፍ ነበር፤ በዚህ ሁኔታ 47 ልብ ወለዶች ጽፏል። ይህን ልማዱን የተረከበት የሕይወት ታሪኩ በ1883፣ ከሞተ በኋላ ሲወጣ ስሙ ወደቀ። ልብ ወለዶቹ ላይ ግን አንዲት ቃል አልተለወጠችም! ትናንት የተደነቀው መጽሐፍ ዛሬ የተናቀው አጻጻፉ ስለታወቀ ብቻ ከሆነ፣ የፈረደው ጭፍን ግምት ነው።

ጠንከር ያለው ሌላው ተቃውሞ ባርብራ ካርትላንድን የሚጠቅስ ነው። እሷ ሶፋ ላይ ጋደም ብላ ለጸሐፊዋ በቃል እያስጻፈች ከ700 በላይ መጻሕፍት ያወጣች፣ በአንድ ዓመት 23 ልብ ወለድ ጽፋ የዓለም ክብረ ወሰን ያስመዘገበች ናት። ጀግናዋ ንጽሕት፣ ሰውየው ባለጸጋ፣ መጨረሻው ሠርግ፤ አንዱን ያነበበ ሌላውን ያውቀዋል። ይህ መደጋገም የፍጥነት ውጤት ይመስላል። እኔ ግን ዋናው ምክንያት ሌላ ነው ባይ ነኝ። መጨረሻው ደስታ እንዲሆን፣ ጀግናዋም እንዳትሳሳት የሚያስገድዱት አንባቢን ላለማስቀየም የሚጠነቀቁት አሳታሚዎችና የመጽሔት አዘጋጆች ነበሩ። ይህ አጥር ባለበት፣ አንዱን መጽሐፍ አሥር ዓመት የጻፈም ደራሲ ያንኑ ሠርግ ይጽፋል። ትሮሎፕን ከካርትላንድ የሚለየው የቸኮለው ማነው የሚለው አይደለም፤ የተፈቀደላቸው ስፋት ነው።

ቡትስ ማከራያውን በ1966 ዘጋ። ሃርለኪን የተባለው የካናዳ ድርጅት ከ1957 ጀምሮ የሚልስ ኤንድ ቡንን መጻሕፍት በርካሽ የወረቀት ሽፋን ሲያትም ቆይቶ በ1971 ድርጅቱን ጠቀለለው። የገጽ ልክና የወር ኮታም ከአከራይ ሱቅ ወደ ሱፐርማርኬት መደርደሪያ ተሸጋገረ። ሜሪ በርቸል እስከ 1980ዎቹ ድረስ ጽፋ ከ100 በላይ መጻሕፍት አውጥታለች። አይዳ ኩክ ደግሞ በ1950 የሕይወት ታሪኳን በገዛ ስሟ አሳትማለች፤ በ1960ዎቹም ያድ ቫሼም የተባለው የእስራኤል የሆሎኮስት መታሰቢያ ተቋም እሷንና ሉዊዝን በአሕዛብ መካከል ያሉ ጻድቃን ብሎ ሰይሟቸዋል። በ1937 ሁለት ፔኒ ከፍላ ቡናማውን ጥራዝ የወሰደች ደንበኛ ግን የአንድ ሰው የዋስትና ወረቀት በከፊል በእሷ ሳንቲም እንደቆመ የምታውቅበት መንገድ አልነበራትም።